ጥቁር ክር ያልታሰረበት ደብተር

ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ከጨርቅ ተራው ወደ መስጊዱ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ላይ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ሱቋ ከአንድ አልጋ ብዙም አይሰፋም። የስፌት መኪናዋና በርጩማዋ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ ሽቲ የምንላቸው ያላለቁ ስስ ቀሚሶች፣ በሩ አጠገብ ደግሞ ከጅቡቲ በባቡር የመጣ ትልቅ የእንጨት ሳንዱቅ፤ ያ ብቻ ነው። ልትለካ የመጣች ደንበኛ ሳንዱቁ ላይ ከተቀመጠች ይቅርታ ጠይቀን እናስነሳታለን። ውስጡ ያለው የኛ ንብረት ነዋ።

የኛ ስል ያኔ አስራ አንደኛ ክፍል የነበርነውን ሴቶች፣ ከኛ ቀድመው ጨርሰው ቤት የዋሉትን፣ ፋብሪካ የገቡትን፣ አግብተው ባላቸው ምሳውን በልቶ ጫቱን ይዞ ሲቀመጥ ሾልከው የሚመጡትን ሁሉ ማለቴ ነው። ሳንዱቁ የያዘው ደብተር ነበር። ደብተሮቹ የያዙት ደግሞ ሌላ ሰው የጀመረውን፣ እኛ የቀጠልነውን ታሪክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲኒማ ቤታችን የሕንድ ፊልም ያመጣል። ቋንቋውን የሚሰማ የለም፤ ያየችው ላላየችው እየተረጎመች፣ የጎደለውን ከራሷ እየሞላች ትተርካለች። አባቷ ሲኒማ ደጅ የማያስደርሳት ልጅ ፊልሙን ካየነው ከኛ ይልቅ አጥርታ ታውቀዋለች። አጨራረሱ ያልጣማት ደብተር አውጥታ እንደሚጥማት አድርጋ ትጽፈዋለች። የሞተውን ታስነሳለች፣ የተጋቡትን ታፋታለች። አንዷማ ያንን ቆንጆ የሕንድ ጎረምሳ አወዳይ ድረስ አምጥታ ጫት አስነግዳዋለች፤ ሦስት ደብተር ሙሉ ነገደ። በራዲዮ የሚተረከው ታሪክም፣ ተዋውሰን የምናነበው ልቦለድም ከእጃችን አያመልጥም። ስንጨርስ ደብተሩን ለሰፊዋ እንሰጣታለን፤ እሷ ሳንዱቁ ውስጥ ታኖረዋለች፤ የፈለገች ወስዳ ታነባለች፤ አንብባ ትመልሳለች።

"አባዮ" ነበር የምንላት፤ በሶማሊኛ እህቴ እንደማለት ነው። ሶማሊኛ፣ ኦሮሚኛ፣ አደርኛ ትናገራለች፤ አማርኛውንም እንደ ማንኛውም የድሬ ሰው ታስኬደዋለች። ፊደሉን ግን አታውቀውም። እሷ መኪናውን ስትረግጥ ከኛ አንዷ ሳንዱቁን ተደግፋ ታነብላታለች። ታሪኩ ሲያስደስታት እግሯ ይፈጥናል፤ ሲያሳዝናት መኪናው ቀጥ ይላል፤ ያን ጊዜ ለዛሬ የተቀጠረው ሽቲ ለነገ ይተላለፋል። ደንበኞቿ ይህን ስለሚያውቁ፣ ለሠርግ ልብስ የሚያሰፉት በዚያ ሳምንት የሚያሳዝን ነገር እንዳታነቡላት እያሉ ይለምኑን ነበር።

ሳንዱቁ አንድ ደንብ ነበረው፤ የመጣ ደብተር አይመለስም። ጽሑፉ ቢያምርም ባያምርም፣ ፊደሉ ቢነበብም ባይነበብም፣ ነገሩ ቄሱንም ሼኩንም የሚያስቆጣ ቢሆንም ይገባል። እኔ ያኔ ጨዋ ነኝ ባይ ነበርኩ፤ አሁንም ከዚያ አመል ሙሉ በሙሉ አልዳንኩም። አንድ ቀን አንዷ የጻፈችው የመኝታ ቤት ወሬ አናዶኝ፣ ይህ ነገር ከኛ ደብተር ጋር በአንድ ሳንዱቅ መቀመጥ የለበትም ብዬ ተቆጣሁ። ሰፊዋ ክሯን በጥርሷ በጥሳ ቀና ብላ አየችኝ።

"አንቺ አትውሰጂዋ" አለችኝ። "እሱ እዚሁ ይቀመጥ። ሳንዱቁ ጠበበኝ አልኩሽ እንዴ?"

ተናድጄ ወጣሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሼ ያንኑ ደብተር ለማንም ሳልናገር ወሰድኩና አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ክሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጨቅላ ልጇን ቀብራ ወር ያልሞላት አንዲት ጎረቤት፣ ትንሽ ልርሳው ብላ አንድ ደብተር ወሰደች። መሀሉ ላይ ሕፃን ይሞታል። በማግስቱ መልሳ አመጣችውና ሳንዱቁ ላይ ተቀመጠች፤ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ቆየች። ያን ቀን ተነሺ ያላት የለም። ሰፊዋ ደብተሩን ትጥለዋለች ብለን ስንጠብቅ፣ እሷ መርፌዋ ውስጥ ጥቁር ክር አስገብታ የደብተሩን ጀርባ ወጋችና ጫፉን ወደ ውጭ አንጠለጠለችው። ከዚያ ወዲህ ክር የሌለው ደብተር የለም። ጥቁር ከሆነ ሰው ይሞታል። ቀይ ከሆነ ፍቅሩ ከመሳሳም ያልፋል። ቢጫ ጂንና የሚያስፈራ ነገር አለው ማለት ነው። ነጩን ማንም ሰው፣ ምንም ዓይነት ቀን ላይ ቢሆን፣ ሳይፈራ ሊያነበው ይችላል። ደብተር ስታስረክቢ ሰፊዋ "ምን አለበት?" ትልሻለች፤ አንቺ እውነቱን ትናገሪያለሽ። የፈለግሽውን መጻፍ ትችያለሽ፤ በክሩ መዋሸት ግን አይቻልም። ጥቁሩን ነጭ ብላ ያስገባች አንዲት ልጅ አፍራ ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ሳታልፍ ቀርታለች።

የቅርብ ጓደኛዬ ያደገችው ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ የባቡር ሠራተኞች ቤቶች ውስጥ ነው። አባቷ ሞቷል። ወንድሟ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሦስት ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ዝም አለ። ሞቷል ያለም የለም፣ አለ ያለም የለም። በየሰፈሩ አንድ ወሬ ነበር፤ ቀበሌው የሞቱትን ስም በመሳቢያ ቆልፎ ይዟል፣ ለቅሶ እንዳይበዛ ብሎ በየጊዜው አንድ አንዱን እያወጣ ነው የሚናገረው ይባላል። እውነት ይሁን ውሸት እስከዛሬ አላወቅኩም፤ የማያምነው ሰው ግን አልነበረም።

መርዶ ደግሞ በቀጥታ አይነገርም። ሽማግሌዎች ማልደው ይመጣሉ፤ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ስለ ሌላ ሰው ልጅ ያወራሉ፣ የምትሰማው እናት ራሷ እስኪገባት ድረስ ዙሪያውን ይዞራሉ። ምነው ደህና አይደላችሁም ወይ ስትላቸው ኧረ ደህና ነን ብለው ይክዳሉ። ስሙን አፍ አውጥቶ የሚጠራው ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። የጓደኛዬ እናት ጠዋት በሩ ሲንኳኳ መጀመሪያ በመስኮቱ ስንጥቅ የሰው እግር ትቆጥር ነበር። ከሁለት ሰው በላይ ከሆነ አትከፍትም።

ጓደኛዬ የቀጠለችው ፊልም እናትና ልጅ የሚጠፋፉበትን ነው። በፊልሙ እናትየዋ ልጇን ሳታየው ትሞታለች። ጓደኛዬ እናትየዋን አስነሳቻት፤ ልጁን አሳደገችውና ሩቅ አገር ወታደር አደረገችው፤ ከዚያ ወደ ቤቱ በባቡር አሳፈረችው። ይህ የሕንድ ባቡር ታዲያ በአዋሽ ነው የሚያልፈው። በመጀመሪያው ደብተር ልጁ አዋሽ ደረሰ። በሚቀጥለው መኢሶ ላይ የታመመ ሽማግሌ ደግፎ አወረደ። አፍደም ላይ ባቡሩ ተበላሽቶ አንድ ደብተር ሙሉ ቆመ። ኤረር ላይ ብርቱካን የምትሸጥ ልጅ በመስኮት አየችው፤ እዚያ ያገባ ይሆን ብለን ሰግተን ነበር። የሁሉም ክር ነጭ ነው።

እናቷ ፊደል አልቆጠረችም። ቅዳሜ ከሰዓት የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ተሻግራ ሰፊዋ ዘንድ ትመጣለች፤ እኔ አነብላታለሁ። ጥቁር ክር ያለበት የሚነበብ ከሆነ ነጠላዋን ሰብስባ ትወጣለች፤ ነጭ ከሆነ ትቀመጣለች። የልጇን ስም ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ደብተሩ ልጅ ግን ትጠይቀኛለች፤ ብርድ ልብስ ይዟል ወይ፣ ጫማው እንዴት ነው፣ ኤረር ላይ ምን በላ። ብርቱካን ብዬ ባነብላት "ብርቱካን ብቻ?" አለችኝ። ደብተሩ ላይ የሌለውን ዳቦና ሻይ ከራሴ ጨመርኩለት። እፎይ ስትል አየኋት፤ ደስ አለኝ።

በሰባተኛው ደብተር ልጁ ሁርሶ ደረሰ። ከሁርሶ በኋላ ድሬ ነው። ጓደኛዬን መቼ ነው የምታስገቢው ብዬ ጠየቅኳት። አላስገባውም አለችኝ፤ ጎርፍ ሐዲዱን ወስዶታል ብላ ልትጽፍ ነው። በደብተሩ ቤቱ ከገባ እናቷ ዞር ብላ በሩን ማየቷ አይቀርም፤ ያንን ቆሜ አላይም አለች። እኔም ገባኝ። ሁርሶ ደህና ቦታ ነው ተባብለን ተለያየን።

የቀበሌው የባህልና ኪነት ኃላፊ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ከደጋ የተላከ ወጣት፣ አንገቱን ቆልፎ የሚሄድ፣ በድሬ ሙቀት ሸሚዙ ጀርባው ላይ የሚጣበቅ ሰው ነበር። ሰፊዋ አንተ ስትለው ፊቱ ቀላ፤ ድሬ ትንሹም ትልቁም አንተ ነው ብለን አስረዳነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ነገሩን መናገር ይቀለኝ ነበር። ሳንዱቁ አጠገብ ቁጭ ብሎ አንድ ደብተር ከሰዓቱን ሙሉ አነበበ፤ ሲጨርስ ቀጣዩ የታለ አለን። ከዚያ ሕዝብ የጻፈው ለሕዝብ መሆን እንዳለበት፣ ቀበሌው የንባብ ክፍል ሊከፍት እንደሆነ፣ ደብተሮቹ ግን በኮሚቴ ታይተው የሚጠቅመው ከሚጎዳው መለየት እንዳለበት ነገረን። ጽሕፈቴ ስለሚያምር የኮሚቴው ጸሐፊ አድርጎ መረጠኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንን መደበቅ አልፈልግም።

ሳንዱቁን ሁለት ሰዎች ተሸክመው ሲወስዱት ሰፊዋ አልተከራከረችም። አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ ክሮቹ እንዳሉ ይቀመጡ አለች። ኃላፊው ትርጉሙን ካስረዳነው በኋላም አልተቀበለም። ለሚያየው ሰው ጥንቆላ ይመስላል፤ ደግሞም ከኮሚቴ ያለፈ ጽሑፍ ማንንም ስለማይጎዳ ማስጠንቀቂያ አያስፈልገውም አለ። እንደ ንግግር ያምራል፤ እኔም አምኜበት ነበር። ክሮቹን አንድ በአንድ የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ። መቀሱን ከእሷው ተውሼ።

በየማክሰኞው ተሰብስበን እንፈርድ ጀመር። ባለ ቢጫዎቹ አጉል እምነት ተብለው ወደቁ። ባለ ቀዮቹ ብልግና ተባሉ፤ ከመቃጠላቸው በፊት ግን የኮሚቴው አባላት በደንብ ልንመርምራቸው ብለው በየቤታቸው ወሰዷቸው፤ አንዳንዶቹም ሳይመለሱ ቀሩ። አወዳይ ላይ ጫት የሚነግደው ሕንዳዊ ስግብግብ ነጋዴን ያሞግሳል ተብሎ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ በርሜል ውስጥ ተቃጠለ። ቃለ ጉባኤውን እኔ በሚያምር ጽሕፈቴ ጻፍኩ። ሕንዳዊውን የጻፈችው ልጅ ቤቷ ከኛ ቤት ሦስተኛው ነበር፤ ለብዙ ጊዜ በሌላ መንገድ ዞሬ እገባ ነበር።

ከዚያ የጓደኛዬ ሰባት ደብተሮች ወጡ። አንድ ከፋብሪካው የመጣ አባል ሁሉንም አንብቦ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ይህ ወታደር የፈቃድ ወረቀት አለው ወይ? ጓደኛዬ ብርድ ልብሱን ጽፋለች፣ ጫማውን ጽፋለች፤ የፈቃድ ወረቀት መጻፍ ግን በሐሳቧ አልመጣም። እንግዲያው ፈርጣጭ ነው አለ ሰውየው። በዚህ ጊዜ ስለ ፈርጣጭ እንዲህ እያሳመረች የምትጽፈው ማን ናት፣ ትጠራና ትጠየቅ አለ። ደብተሮቻችን ላይ ስም አንጽፍም፤ ማን እንደጻፈችው በክፍሉ ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

አፌ ቀደመኝ። ታሪኩ ገና አላለቀም፣ ስምንተኛ ደብተር አለ፣ በዚያ ላይ ልጁ ይጸጸትና ወደ ግንባሩ ይመለሳል አልኩ። ኃላፊው ፊቱ በራ። እንዲያ ከሆነ የሚጠቅም ሥራ ነው፣ እስከ ዓርብ አምጪው አለኝ።

ለጓደኛዬ አልነገርኳትም። ብነግራት ይቃጠሉ ትላለች፣ ወይም ራሷ ሄዳ እኔ ነኝ ትላለች፤ እሷ ከተጠራች እናቷ ብቻዋን ትቀራለች። ባዶ የትምህርት ቤት ክፍል ፈልጌ፣ የእሷን ጽሕፈት አስመስዬ፣ በሁለት ቀን ከሰዓት ጻፍኩት። ልጁ ሁርሶ ላይ በመስኮት ሲያይ ወጣቶች የጫነ ባቡር እሱ ወደ መጣበት ግንባር ሲሄድ ያያል። ይወርድና ይሳፈራል። ይዋጋል። በመጨረሻ አንድ ኮረብታ ላይ ይወድቃል፤ ሲወድቅ እናቱን ይጠራል፣ እናቱ እንዳታለቅስ ይላል። እየጻፍኩ አለቀስኩ። ለኮሚቴ ብዬ፣ ነገሩን ለማሳለፍ ብዬ የጻፍኩት ነው፤ ዝርክርክ አድርጌ ብጽፈው ይበቃ ነበር። እኔ ግን አሳምሬ ጻፍኩት። እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ደግሞ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ደብተሩ ማኅተም ይመታበታል፣ የንባብ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ እናትየዋ ማንበብ ስለማትችል እዚያ አትደርስም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰባቱን እየተዋስኩ እስከ ሁርሶ ድረስ ያለውን ደጋግሜ አነብላታለሁ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።

ዓርብ ኃላፊው አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። እሑድ የመጋላም የከዚራም ሰው የሚገኝበት አጠቃላይ ስብሰባ አለ፣ እኔ ራሴ በድምፅ ማጉያ አነበዋለሁ አለ። ረጅም ነው አልኩት፤ አሳጥረዋለሁ አለ። ሌላ የተሻለ አለ አልኩት፤ ትሕትናዬን አደነቀ። ልጇ የጠፋባት እናት አለች፣ እባክህ እሷ ባለችበት አታንብበው ልለው አፌን ከፈትኩ። ማን ናት ቢለኝስ? እሷን ካወቀ ልጇን ያውቃል፣ ልጇን ካወቀ የደብተሩን ባለቤት ያውቃል። አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ቅዳሜ ማታ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። የነገው ስብሰባ ይረዝማል፣ እናትሽን ጉልበቷን ያማታል፣ ቤት ትዋል አልኳት። ከስብሰባ የቀረ ሰው የስኳር ካርዱ ይያዛል፣ ደግሞ ከሰፊዋ ጋር ሊሄዱ ተቀጣጥረዋል አለችኝ። ምክንያቱን ንገሪኝ ብትል እነግራት ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። አልጠየቀችኝም። እኔም ደህና እደሩ ብዬ ወጣሁ።

እሑድ ጠዋት ሰዉ ቀበሌው ግቢ ኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። እኔ ከኮሚቴው ጋር ቀይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጫለሁ። እናትየዋና ሰፊዋ ጥላ ያለበትን ቦታ ቀድመው ይዘው ፊት ለፊቴ ናቸው። ኃላፊው ድምፁ ጥሩ ነው። ታሪኩ ለኛ ሰው እንዲቀርብ ብሎ የሕንዱን ስም አውጥቶ "የአንድ ባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ የድሬዳዋ ልጅ" ብሎ እንዳስገባበት የሰማሁት እዚያው ነው። ከሁርሶ ጀመረ። እናትየዋ ታሪኩን ወዲያው አወቀችው፤ ወደ እኔ አየችና ፈገግ አለች።

ያን ፈገግታ ይዤው ነው የምኖረው። ተነስቼ ማጉያውን መንጠቅ እችል ነበር፣ አሞኛል ብዬ መውደቅ እችል ነበር። እጄን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ልጁ ባቡር ሲለውጥ ፈገግታዋ ጠፋ። ኮረብታው ላይ ሲደርስ የሰፊዋን እጅ ያዘች። ሰፊዋ እኔን አየች፤ ከእኔ ምንም ስታጣ የእናትየዋን ትከሻ ይዛ ልታስነሳት ሞከረች። ክሩ ቢኖር ኖሮ ገና ሳይጀመር ነጠላዋን ሰብስባ ትወጣ ነበር። ልጁ ሲወድቅና እናቱን ሲጠራ ራሷ ቆመች። አልጮኸችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችው።

ያኔ ግቢው ሁሉ ገባው። ከሴቶቹ ውስጥ ሰሜን ሰው የሌላት ጥቂት ናት፤ አንድ ላይ ጮኹ። ኃላፊው ዓይኑ እንባ ሞልቶ ማንበቡን አቆመ፤ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት አጨበጨቡ። ጓደኛዬ ከኋላ ከተማሪዎቹ መሀል ሰው እየገፋች ስትሮጥ አየኋት። ኋላ ሪፖርቱ ላይ ሥራው ሰፊውን ሕዝብ እጅግ እንደነካ ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከዚራ ላይ ድንኳን ተተከለ። ክርስቲያኑም እስላሙም መጣ። ሽማግሌዎቹ እኛ ሳንሰማ ቀበሌው ቀድሞ አረዳት ብለው ትንሽ ቅር ቢላቸውም መጥተው ተቀመጡ። ማስረጃው የታለ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም፤ መርዶ ማስረጃ አይጠየቅበትም። ጓደኛዬ ያ የኔ ጽሑፍ አይደለም፣ የኔ ልጅ ሁርሶ ላይ ነው ያለው እያለች እናቷን ብትለምንም አልሰማቻትም። በሦስተኛው ቀን ጓደኛዬ እጄን ይዛ አምጥታ በእናቷ ፊት አቆመችኝ፤ ንገሪያት አለችኝ።

ተንበረከክሁ። "እማማ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከራሴ ነው ያወጣሁት። ስለ እሱ የሰማሁት ነገር የለም።"

ብዙ አየችኝ። ከዚያ ጉንጬን በሁለት እጇ ያዘች።

"አውቃለሁ ልጄ" አለች። "ኮሚቴ ነሽ፤ የመሳቢያውን ወረቀት አይተሻል። በሬን አንኳኩተሽ ልትነግሪኝ አንጀትሽ አልቻለም። ዞረሽ ነገርሽኝ። እግዜር ይስጥሽ።"

ማልኩላት፤ በመድኃኔ ዓለም፣ በእናቴ ማልኩላት። መርዶ ነጋሪም እንደዚህ ነው የሚክደው። በማልኩ ቁጥር ይበልጥ እያመነች፣ አይዞሽ አይዞሽ እያለች እኔን አጽናናችኝ። ጓደኛዬ ድንኳኑን ጥላ ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም መስመር አልጻፈችም፤ ሰላምታዋንም አልከለከለችኝም፣ ከሰላምታ ያለፈ ነገርም የለንም።

ሰፊዋ ዘንድ መቀሱን ልመልስ ሄድኩ። ሳንዱቁ የነበረበት ቦታ ወለሉ ነጣ ብሎ ይታያል። መኪናዋን አቁማ ጠየቀችኝ።

"ያንን ስምንተኛውን ይዘሽልኝ ብትመጪ፣ ምን አለበት ብልሽ፣ ምን ትይኝ ነበር?"

"ጥቁር" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና መርገጧን ቀጠለች። መቀሱን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

መንግሥቱ ሲወድቅ ወታደሮች ከየአቅጣጫው ይመለሱ ጀመር። ሞተ የተባለ መጣ፣ ይመጣል የተባለ ቀረ። ተዝካሩ የወጣለት የአንድ ጎረቤታችን ልጅ እግሩን እየጎተተ ገብቶ ከተማው ሁሉ ሲያወራ ሰነበተ። ከዚራ ያሉ እናቶች የአዲስ አበባው ባቡር በሚገባበት ቀን ነጠላቸውን እየለበሱ ጣቢያ ይወጡ ነበር። የጓደኛዬ እናት አልወጣችም። እኔ ሄጄ እንሂድ ብዬ ለመንኳት። የኔማ መርዶ መጥቶልኛል እኮ፣ አንቺው አይደለሽ የነገርሽኝ አለችኝና፣ የእነዚያን እናቶች ልጆች እግዜር ያምጣላቸው ብላ መረቀች።

ስለዚህ እኔ ወጣሁ። ባቡር በሚገባበት ቀን ሁሉ፣ ክረምቱን በሙሉ፣ ከእናቶቹ መሀል ቆሜ የሚወርደውን ሰው ፊት አየሁ። የጓደኛዬን ወንድም መልክ በደንብ አላስታውሰውም ነበር፤ የማስታውሰው የደብተሩን ልጅ ነው፣ ብርድ ልብሱን፣ ጫማውን። አንድ ቀን ጺሙ ያደገ ወታደር መንገዱን ዘግቼበት ቆመና ማንን ነው የምትጠብቂው አለኝ። የጓደኛዬን ወንድም ስም ልጠራ ፈለግሁ፤ አልወጣልኝም፤ ዞር ብዬ አሳለፍኩት።